ሜዲካል ትራንስክሪፕሽን፦ ክፍያው ለምን እንዲህ ወረደ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ባለነው ሀበሾች ዘንድ «ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ» ፍለጋ አያልቅም። ሕፃን ታቅፋ የምትውል እናት፣ የሌሊት ፈረቃ የሰለቸው የነርስ ረዳት፣ ቆሞ መዋል ወገቡን የጎዳው የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ሁሉም አንድ ቀን የሜዲካል ትራንስክሪፕሽን ማስታወቂያ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። ሥራውን ስለማውቀው ብዙ ጊዜ የሚደወለው ለእኔ ነው። በየስልኩ ከምደጋግመው እዚህ አሰፈርኩት። የማወራው ስለ አሜሪካ ነው፤ ሥራው ያደገውም የወደቀውም እዚያ ስለሆነ።

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?

ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ ሲጨርስ ያየውን፣ የመረመረውንና ያዘዘውን በድምፅ ይቀዳል። ትራንስክሪፕሽኒስቱ እያዳመጠ ይጽፈዋል። ጆሮ ላይ ማዳመጫ፣ እግር ሥር ፔዳል አለ። ፔዳሉን ሲረግጡት ድምፁ ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል። የተጻፈው ነገር በሽተኛው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ሀገር ቤት «ካርድ» የምንለው መሆኑ ነው። ቀጣዩ ሐኪም የሚያነበው፣ ኢንሹራንሱ አይቶ የሚከፍልበት፣ ክስ ቢመጣ ፍርድ ቤት የሚቀርበው እሱ ነው።

እንግሊዝኛ ስለቻሉና ጣት ስለፈጠነ ብቻ የሚገባበት አይደለም። ሴሌብሬክስ የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ ነው። ሴሌክሳ ለድብርት ይሰጣል። ሴሬቢክስ ደግሞ ለሚጥል በሽታ። ሐኪሙ ሳንድዊች እያኘከ ሲናገር ሦስቱም አንድ ድምፅ ናቸው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው የበሽተኛውን ታሪክ ከላይ እስከ ታች ተከትሎ ነው። ለምሳሌ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከሆነ፣ መድኃኒቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ጆሮ ሳይሆን ጭንቅላት ይነግራችኋል።

ክፍያው እንዴት ነው የሚታሰበው?

በቁርጥ ነው፤ የሚቆጠረው መስመር ነው። መስመር ስላችሁ ግን ወረቀት ላይ በዓይን የምታዩት አይምሰላችሁ። በሙያው የተለመደው ስሌት 65 ፊደል አንድ መስመር የሚለው ነው። ሶፍትዌሩ የጻፋችሁትን ሁሉ ደምሮ ለ65 ያካፍልና ይህን ያህል መስመር ሠርታችኋል ይላል።

እዚህ ጋ ነው ዓይን መግለጥ። በቃልና በቃል መካከል ያለው ባዶ ቦታ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ተራ ነገር ይመስላል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ግን ከመቶው 15 ገደማ የሚሆነው ባዶ ቦታ ነው። ባዶው ተቆጥሮ 1,000 መስመር የወጣው ሥራ፣ ባዶው ሲቀር ወደ 850 ይወርዳል። በ8 ሳንቲም ሂሳብ 80 ዶላር የነበረው 68 ሆነ ማለት ነው። በወረቀት ደረጃ ማንም ዋጋ አልቀነሰም። 8 ሳንቲሙ አሁንም 8 ሳንቲም ነው።

ብዙ ቦታ ደግሞ የሆስፒታሉ ስም ያለበት ራስጌ አይቆጠርም። በአንድ ቁልፍ የሚገባ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አንቀጽ አይቆጠርም። «ዶክተር እንትና ጋ ኮፒ ይላክ» ሲባል ያ ዶክተር ማን እንደሆነና ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ለማግኘት የፈጀባችሁ ጊዜማ በጭራሽ አይቆጠርም።

ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ «በመስመር 9 ሳንቲም» የሚል ስታዩ አትቸኩሉ። ባዶ ቦታ የሚቆጥር 8 ሳንቲም፣ ከማይቆጥር 9 ሳንቲም ይበልጣል። ራሳችሁ አስሉት።

ቆጠራው ላይ ማጭበርበር ኖሮ ያውቃል?

ሜድኩዊስት የሚባል ኒው ጀርሲ የተመሠረተ ድርጅት ነበር፤ በጊዜው በአሜሪካ የዘርፉ ትልቁ። ሆስፒታሎችን ሲያስከፍል መስመሩን አብዝቶ ቆጥሯል የሚል ውንጀላ ከ2004 ጀምሮ ተነሣበት። በ2008 ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በ6.6 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ። የሚገርመው የራሱ ጸሐፊዎችም ከሰውት ነበር፤ እነሱ ደግሞ «የእኛ መስመር አንሶ ነው የተቆጠረው» ብለው። አንዱ ሥራ ለከፋዩ ረዝሞ፣ ለሠሪው አጥሮ ታየ ነው ክሱ። ከዚህ በኋላ መስመር ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነገር ፍለጋ ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣ።

እውነት ወርዷል ወይስ ሰው ዝም ብሎ ያማርራል?

ወርዷል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2008 የመዘገበው መካከለኛ የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነው። በ2023 ደግሞ 17 ዶላር ከ82። «ጨምሯል እኮ» ትሉ ይሆናል። በእነዚያ 15 ዓመታት ኑሮ ከ40 በመቶ በላይ ተወድዷል። የ2008ቱ 15.41 ባለበት እንኳ ለመቆየት 21 ዶላር ከ80 ገደማ መድረስ ነበረበት። በየሰዓቱ ወደ አራት ዶላር ጎድሏል ማለት ነው።

ይህም የተቀጠሩትን ብቻ የሚመለከት ነው። በኮንትራክተርነት የሚሠሩት ቁጥሩ ውስጥ አይገቡም። ዝቅተኛው ክፍያ ያለው ደግሞ እነሱ ጋ ነው።

የሰው ብዛቱንም እዩት። ቢሮው በ2008 በዚህ ሥራ ላይ 105,200 ሰው እንዳለ ገልጾ፣ እስከ 2018 በ11 በመቶ ያድጋል ብሎ ተንብዮ ነበር። ያኔ ያንን ትንበያ ማስታወቂያቸው ላይ ለጥፈው ኮርስ የሸጡ ብዙ ናቸው። ዛሬ የቀረው የዚያ ግማሽ ገደማ ነው።

ምን መጣና ወረደ?

ሰው ሁሉ «ማሽን» ይላል። ማሽኑ አለበት። ግን ቀዳሚው እሱ አይደለም።

መጀመሪያ የመጣው የርካሽ እጅ ፍለጋ ነው። ኢንተርኔት ድምፅን ከካሊፎርኒያ ወደ ህንድ በደቂቃ ማድረስ ሲችል፣ ሥራው እዚያ ሄደ። ሰዓቱም ይመቻል። አሜሪካዊው ሐኪም ማታ የቀዳውን ህንድ ቀን ላይ ጽፎ ጠዋት ያደርስለታል። ፊሊፒንስም ተከተለች። አሜሪካ ያለችው ጸሐፊ የደሞዝ ጭማሪ ስትጠይቅ የሚሰጣት መልስ ከዚያ በኋላ ታወቀ።

ቀጥሎ 2009 መጣ። በኦባማ ጊዜ የወጣው የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ውስጥ ሃይቴክ የሚባል ክፍል አለ። ሆስፒታሎችና ሐኪሞች የወረቀት ፋይል ትተው ኤሌክትሮኒክ እንዲጠቀሙ በቢሊዮን የሚቆጠር ማበረታቻ መደበ። ሐኪሙ በድምፅ መቅዳቱን ትቶ ስክሪን ላይ ሳጥን መምረጥ ጀመረ። ሐኪሞቹም አልወደዱትም፤ በሽተኛውን ትቼ ኪቦርድ አያለሁ የሚለው እሮሮ እስከ ዛሬ አለ። ለጸሐፊዎቹ ግን የሚጻፍ ድምፅ አነሰ ማለት ነበር።

በመሐል ድርጅቶቹ እርስ በርስ ተዋዋጡ። ስፌሪስ በ2010 ከሰረና በሜድኩዊስት በኩል ተገዛ። ኒውዋንስ በ2012 ትራንሴንድን በ300 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሜድኩዊስት ስሙን ኤም ሞዳል አድርጎ በዚያው በ2012 በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2014 ራሱም የኪሳራ መዝገብ ከፈተ። አንዲት ጸሐፊ ከወንበሯ ሳትነሣ አሠሪዋ ደጋግሞ ይቀየርባታል። በተቀየረ ቁጥር አዲስ ውል ይመጣል። አዲስ ውል ማለት ደግሞ አዲስ የመስመር ትርጉም ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ድምፅ ለይቶ የሚጽፈው ሶፍትዌርም በደንብ ገባ። ማሽኑ መጀመሪያ ይጽፋል፣ ሰው እያዳመጠ ያርማል። ሥራው ስሙ «ኤዲቲንግ» ሆነ፣ የመስመር ዋጋውም ወደ ግማሽ ወረደ። 8 እና 9 ሳንቲም ይከፈላቸው የነበሩ 4 ሳንቲም፣ ከዚያም በታች አዩ።

የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው። በዚህ ሙያ ሁሌም ሲከፈል የኖረው ለጣት ነበር። ለጆሮውና ለጭንቅላቱ የተቆረጠለት ዋጋ ኖሮ አያውቅም፤ በመስመሩ ውስጥ በነፃ ይገባ ነበር። ማሽኑ ጣቱን ሲተካ የቀረው በነፃ ሲሰጥ የኖረው ሆነ። በነፃ የለመደ ከፋይ ደግሞ ድንገት ዋጋ አያወጣለትም።

ማሽን የጻፈውን ማረም ከመጻፍ አይቀልም?

አንዳንዴ ይቀላል። ሐኪሙ ጥርት አድርጎ፣ ሳይቸኩል፣ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ከተናገረ እውነትም እጥፍ ይሠራል። ሂሳቡን ላሳያችሁ። በሰዓት 150 መስመር የሚጽፍ ሰው በ8 ሳንቲም 12 ዶላር ያገኛል። በ4 ሳንቲም ያንኑ 12 ዶላር ለማግኘት 300 መስመር ማረም አለበት። ድርጅቶቹ «እጥፍ ስለምትፈጥኑ ግማሽ ዋጋ አይጎዳችሁም» የሚሉት ለዚህ ነው።

ችግሩ ሐኪሞቹ ሁሉ እንደዚያ አይናገሩም። አንዱ እያዛጋ ነው የሚቀዳው። ሌላው መኪና እየነዳ። ድንገተኛ ክፍል ያለው ከጀርባው ማሽን እየጮኸ፣ ነርስ እየጠራችው። በእንግሊዝኛ አፍ ያልፈታም ብዙ አለ፤ እኛም እንግሊዝኛ ስንናገር ማሽኑ ምን እንደሚሰማ እናውቀዋለን። እንዲህ ያለ ቅጂ ሲመጣ ማሽኑ የጻፈውን አጥፍቶ ከዜሮ መጻፍ ይፈጥናል። ክፍያው ግን የኤዲቲንግ ነው።

ሌላም አለ። ሰው ሲጽፍ ያልሰማውን ቦታ ክፍት ይተዋል፤ ሐኪሙ አይቶ ይሞላዋል። ማሽን ክፍት መተው አያውቅም፤ ያልሰማውንም የሚመስለውን ይጽፍበታል። ሐኪሙ «የደረት ሕመም የለውም» ሲል ማሽኑ «የለውም» የምትለዋን ቢያጎድላት፣ ስክሪኑ ላይ የምታገኙት ፊደሉ ያልተሳሳተ፣ ሰዋስውም ያልጎደለው ዓረፍተ ነገር ነው። ዓይን ያልፈዋል። ያንን ለመያዝ ከጻፋችሁት በላይ ነቅታችሁ ማዳመጥ አለባችሁ፤ ያውም በእጥፍ ፍጥነት እየሄዳችሁ። 15 እና 50፣ ሃይፐርቴንሽን እና ሃይፖቴንሽን፣ ግራ እና ቀኝ፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው።

ብትሳሳቱ ደግሞ ተቆጣጣሪ አለ። ብዙ ድርጅት 98 በመቶ ትክክለኛነት ይጠይቃል። ከዚያ በታች ስትወርዱ አንዳንዱ ቦነስ ይቆርጣል፣ አንዳንዱ የመስመር ዋጋ ያወርዳል።

«ሥራ የለም» የሚለው ነገር ምንድን ነው?

ፈረቃችሁ ደርሶ ኮምፒውተሩን ትከፍታላችሁ። ስክሪኑ የሚጻፍ ቅጂ የለም ይላል። ቁጭ ትላላችሁ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሁለት ይመጣል፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ማንም ሳይነካው የቀረ የዚያ የሚያንጎራጉር ሐኪም ቅጂ። ጨርሳችሁ እንደገና ትጠብቃላችሁ። ብዙ ጸሐፊዎች ከሳንቲሙ መቀነስ በላይ የሚያማርሩት ይኼንን ነው። ድርጅቱ ሥራው በሰዓቱ እንዲያልቅ ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ሰው ይቀጥራል፤ በመስመር ስለሚከፍል ሰው ቢበዛበት ወጪ የለበትም። ወጪው የጠባቂው ነው።

እኔ የሠራሁበት አንድ ቦታ ፈረቃው ሲያልቅ «መስመር አልሞላችሁም» የሚል ኢሜይል ይልክ ነበር። በዚያው ቀን ሥራ እንዳልነበረ ሲስተሙ ራሱ መዝግቦታል! ብንነግራቸው «ማታ ገብታችሁ አካክሱ» ነው መልሱ።

ተቀጣሪ መሆንና ኮንትራክተር መሆን ምን ያህል ልዩነት አለው?

የሰማይና የምድር። በደብልዩ ቱ፣ ማለትም በተቀጣሪ የግብር ቅጽ፣ የተቀጠራችሁ ከሆነ የሚከፈላችሁ በመስመርም ቢሆን፣ ሳምንቱ ሲደመር ለሠራችሁበት ሰዓት ከዝቅተኛው የደሞዝ ወለል መውረድ አይችልም። የፌዴራሉ ወለል ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ነው፤ ሜሪላንድን፣ ዲሲንና ካሊፎርኒያን የመሳሰሉት ከዚያ በጣም የበለጠ አላቸው። በሳምንት ከ40 ሰዓት ስታልፉም የትርፍ ሰዓት አለ። አሠሪው «በዚህ ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ቁጭ በሉና ጠብቁ» ካላችሁ፣ ያ መጠበቅ በመርህ ደረጃ የሥራ ሰዓት ነው።

በቴን ናይንቲ ናይን፣ ማለትም በኮንትራክተር የግብር ቅጽ፣ ስትሠሩ ግን ይኼ ሁሉ የለም። ተቀጣሪ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይቆረጥበታል፣ ሌላውን ግማሽ አሠሪው ይከፍላል። ኮንትራክተር 15.3ቱንም ራሱ ይከፍላል። ኮምፒውተሩ፣ ፔዳሉ፣ ኢንተርኔቱ፣ የሕክምና መዝገበ ቃላቱ ከኪሱ ነው። የጤና ኢንሹራንስም የለም፤ የሆስፒታል ፋይል ሲጽፍ የሚውል ሰው መሆኑን አትርሱ።

ልብ በሉ፤ ድርጅቱ ወረቀት ላይ «ኮንትራክተር» ስላለ ብቻ ኮንትራክተር አትሆኑም። ሰዓት ከመደበላችሁ፣ ለሌላ ድርጅት መሥራት ከከለከላችሁ፣ አሠራራችሁን ሁሉ ከተቆጣጠረ፣ ሕጉ እንደ ተቀጣሪ ሊቆጥራችሁ ይችላል።

ህንዶቹ ናቸው ሥራችንን የወሰዱት?

ይኼን የሚሉ ብዙ ናቸው። እነሱስ ምን አገኙ ብላችሁ ግን ጠይቁ። በ2003 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሆነውን ላንሣ። ዩሲኤስኤፍ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሥራውን በአካባቢው ላለ ድርጅት ይሰጣል። ድርጅቱ ፍሎሪዳ ላለ ሰው ያሳልፋል። ፍሎሪዳ ያለው ቴክሳስ ላለ ሰው ይሰጣል። ቴክሳስ ያለው ፓኪስታን ላለች ሴት ይልካል። ሆስፒታሉ ከመጀመሪያው በቀር ማንንም አያውቅም። ፓኪስታን ያለችው ሴት ላቤ አልተከፈለኝም ብላ፣ ካልከፈላችሁኝ የበሽተኞቹን ፋይል ኢንተርኔት ላይ እለቀዋለሁ የሚል ኢሜይል ለሆስፒታሉ ጻፈች። ያኔ ነው ሁሉም የነቃው።

ዛቻው ትክክል አልነበረም። ግን ሰንሰለቱን እዩት። በየቀለበቱ ያለው የድርሻውን ቆርጦ ያሳልፋል፤ ከመስመሩ ዋጋ ጸሐፊዋ እጅ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ካሊፎርኒያ ያለችውም ካራቺ ያለችውም የሚበሉት ከአንድ ትሪ ሆኖ፣ ትሪውን የያዘው ሌላ ነው።

ርካሽ ሥራ በሽተኛውን ይጎዳል?

በአላባማ፣ ባልድዊን ካውንቲ የታየ ጉዳይ አለ። በ2008 ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ ተቋም የተላለፈች በሽተኛ ነበረች። ሐኪሟ ያዘዘላት 8 ዩኒት ኢንሱሊን ነው። ህንድ ውስጥ በተጻፈው ወረቀት ላይ 80 ሆነ። በተጻፈው መሠረት 80 ተሰጣት፤ ሞተች። የፍርድ ቤቱ ጁሪ በ2012 ለቤተሰቧ 140 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ጸሐፊው ብቻ አይደለም የተሳሳተው፤ እያንዳንዱ ሰው «ሌላው አይቶታል» ብሎ አሳልፎታል።

በ2018 ጃማ ኔትወርክ ኦፕን በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ማሽን የጻፈውን መረመረ። ሰው ሳያየው ከመቶ ቃል 7.4 ስህተት ነበረበት። ትራንስክሪፕሽኒስት ካረመው በኋላ 0.4 ሆነ። ሐኪሙ አይቶ ሲፈርም 0.3። ትልቁ እርማት የት ላይ እንደተደረገ ቁጥሩ ይናገራል። በግማሽ ዋጋ የሚከፈለውም እዚያው ላይ ነው።

ኤአይ ጨርሶ አያጠፋውም?

የቀረውን ብዙውን ይወስደዋል ብዬ እገምታለሁ። ማይክሮሶፍት ኒውዋንስን በ19.7 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ በ2021 አስታውቆ በ2022 ጨርሷል። የሚሸጡት ነገር አሁን ሌላ ነው። ሐኪሙ መቅዳትም አይጠበቅበትም፤ ከበሽተኛው ጋር ሲያወራ ስልኩ ጆሮውን ጥሎ ይሰማና ማስታወሻውን ራሱ ያዘጋጃል። መሐል ላይ ጸሐፊ የለም። የሚያርመው ሐኪሙ ነው፤ በስንት ጥድፊያ ውስጥ።

እነዚህም ከስህተት ንጹሕ አይደሉም። ዊስፐር የሚባለው ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሞዴል ማንም ያልተናገረውን ዓረፍተ ነገር ፈጥሮ እንደሚጨምር በ2024 በሰፊው ተዘግቧል፤ ሆስፒታሎችም በእሱ ላይ የተሠራ መሣሪያ እየተጠቀሙ። ታዲያ አራሚ ያስፈልጋል ማለት ነው? ያስፈልጋል። ጥያቄው ያስፈልጋል ወይ ሳይሆን ማን ይከፍለዋል ነው። እስካሁን እጁን ያወጣ አላየሁም።

ኮርሱን ልውሰድ?

ለዚህ ሥራ ብላችሁ ከሆነ፣ አይ። የሚያስከፍለው ከሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ወራት ይፈጃል፤ ከዚያም «ልምድ ያለው ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ይጠብቃችኋል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ነው። የሕክምና ቃላትና የሰውነት ክፍሎች ትምህርቱ ራሱ ግን ጥሩ ነው፤ ለነርስነትም፣ ለሜዲካል ኮዲንግም (ሕክምናውን ለኢንሹራንስ በኮድ መመዝገብ)፣ ለአስተርጓሚነትም ይሆናል። እሱን ብቻ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በትንሽ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል።

ኢትዮጵያ ሆኜ መሥራት እችላለሁ?

በጣም ከባድ ነው። ብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ሥራው ከአገር እንዳይወጣ በውላቸው ይጽፋሉ። ወደ ውጭ የሚልኩትም ህንድና ፊሊፒንስ ባሉ ድርጅቶች በኩል ነው። ሀገር ቤት ደግሞ ሙያው በዚህ መልክ የለም፤ ካርዱ ላይ በእጁ የሚጽፈው ሐኪሙ ወይ ኢንተርኑ ራሱ ነው። በቴሌግራም «ሜዲካል ትራንስክሪፕሽን፣ በሳምንት 500 ዶላር፣ ለምዝገባ ይህን ያህል ብር ላኩ» የሚል ከመጣላችሁ ሌባ ነው። ሥራ የሚሰጥ ሰው ገንዘብ አይጠይቅም።

አማርኛ እችላለሁ፣ የሕክምና ቃላትም ገብቶኛል፤ ወዴት ልሂድ?

አስተርጓሚነትን እዩት። የአሜሪካ የጤና ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል በሽተኛ ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፤ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለምስክር ወረቀቱ ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። ለአማርኛ ተብሎ የተዘጋጀ የቃል ፈተና ባይኖርም ኮር ሲኤችአይ የሚባለው ፈተና ለየትኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ክፍት ነው።

ሆስፒታል ውስጥ በቋሚነት መቀጠርና በስልክ መሥራት ግን አንድ አይደሉም። የስልኩ በደቂቃ ነው የሚከፈለው። ደቂቃ ደግሞ የመስመር ታናሽ ወንድም ነው፤ ስልክ ካልጮኸ ገንዘብ የለም፣ ጥሪ ጠብቃችሁ የቆያችሁበት አይታሰብም። «የሚቆጠረው ምንድን ነው?» የሚለውን ያንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ።

ቢሆንም ልግባ ብል ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

መስመሩ ስንት ፊደል ነው፣ ባዶ ቦታና ራስጌ ይቆጠራል ወይ? ከሚሰጠኝ ሥራ ምን ያህሉ ቀጥታ መጻፍ፣ ምን ያህሉ ኤዲቲንግ ነው? ማሽኑ የጻፈው የማይረባ ሲሆን ከዜሮ ብጽፈው በየትኛው ዋጋ ይከፈለኛል? ሥራ በሌለ ሰዓት ምን ይደረጋል? ቋሚ የሐኪሞች ዝርዝር ይሰጠኛል ወይስ በየቀኑ የተገኘውን ነው? የመጨረሻው ዋናው ነው፤ የአንድን ሐኪም ድምፅ ለለመደ ጆሮ ፍጥነቱ ሌላ ነው። መልሱን በኢሜይል ይላኩላችሁ። በቃል የተባለ አይያዝም።

ገብቼ ከወለሉ በታች እየተከፈለኝ ነው። ለማን አቤት ልበል?

መጀመሪያ መረጃ ያዙ። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ ሥራ የጠፋበትን ሰዓት፣ የመስመር ብዛቱን በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። «ሥራ የለም» የሚለውን ስክሪን ፎቶ አንሡት፤ የበሽተኛ ስም ያለበትን ግን በፍጹም አታንሡ፣ ጥፋቱ እናንተ ላይ ይዞራል። ከዚያ ሳምንቱን ደምራችሁ ለሰዓቱ አካፍሉት። ከወለሉ በታች ከወጣ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የደሞዝና ሰዓት ክፍል ጋ አቤት ይባላል። በነፃ ነው፣ ስማችሁን ለአሠሪ አይሰጡም፣ የመኖሪያ ወረቀታችሁን አይጠይቁም፣ በአማርኛ ልናገር ብትሉ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። አትዘግዩ፤ ወደኋላ የሚጠየቀው የሁለት ዓመት ነው፣ አሠሪው እያወቀ ያደረገው መሆኑ ከታየ ሦስት። የክፍለ ሀገራችሁ መሥሪያ ቤትም አለ፤ ወለሉ ከፍ ያለ ክፍለ ሀገር ከሆናችሁ ብዙውን ጊዜ እሱ ይሻላል።